አሮጌ ሞተር ሳይክል ለመዝናኛ፦ ከማስታወቂያው ፎቶ ጀርባ ምን አለ?

እኛ አገር ሞተር ሳይክል የሥራ ዕቃ ነው። የግብርና ባለሙያ ወደ ቀበሌ ይወርድበታል፣ የጤና ሠራተኛ ክትባት ያደርስበታል፣ የሰፈር ልጅ ዕቃ ያመላልስበታል። አንድ ሰው ሥራ ሳይኖረው፣ የሚደርስበት ቦታም ሳይኖረው፣ ያውም ሃምሳ ዓመት የሞላው ሞተር ገዝቶ «ለመዝናናት ነው የምነዳው» ቢል መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ጤንነቱ ይመስለኛል። ሆኖም በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ፣ በጃፓንና በሌሎችም አገሮች እንዲህ ያለ ሰው ሞልቷል። ክላሲክ ሞተር መግዛት፣ መጠገንና ቅዳሜና እሑድ ይዞ መውጣት ራሱን የቻለ ዓለም ነው።

እኔ ወደዚህ ዓለም የገባሁት በአጎቴ ምክንያት ነው። ጋሼ የሚኖሩት በአሜሪካ፣ ቨርጂንያ ግዛት፣ አሌክሳንድርያ ከተማ ሲሆን ብዙ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። በወጣትነታቸው ጎጃም ውስጥ የግብርና ሠራተኛ ሳሉ በመሥሪያ ቤቱ ያማሃ ገጠሩን አካለዋል፤ ያቺን ሞተር እስከ ዛሬ እንደ ሰው ስም ነው የሚጠሯት። አሁን ልጆቻቸው ራሳቸውን ችለዋል፣ እሳቸውም 6 ሺህ ዶላር ለብቻ አስቀምጠዋል። የሚፈልጉት ትራያምፍ ቦነቪል ነው። ባለቤታቸው እትዬ ደግሞ ጨርሶ አይፈልጉም። ጋሼ ደውለው «ጋዜጠኝነት አይደል የምትማረው? እስኪ አጣራልኝ» ይሉኛል፤ እትዬ ስልኩን ይቀበሉና «አንተ ብትነግረው ይሰማህ ይሆናል፣ ተው በልልኝ» ይላሉ። ጋሼ የላኩልኝን የሽያጭ ማስታወቂያዎች ይዤ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ፣ እዚህ ሰፈራችን ካለ የሞተር መካኒክ ጋር ስከራከር ሰነበትኩ። ከዚህ በታች ያለው ያን ሁሉ አጣርቼ ለጋሼ የነገርኳቸው ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ክላሲክ» ሲባል

ቃሉ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው የሕግ ነው። በቨርጂንያ 25 ዓመት የሞላው ሞተር የ«አንቲክ» ሰሌዳ ሊያወጣ ይችላል። ይህ ሰሌዳ ያለው ሞተር ከቴክኒክ ምርመራ ነጻ ነው። በምላሹ ባለቤቱ ለዕለት ተዕለት መመላለሻ ሌላ ተሽከርካሪ ሊኖረው ይገባል፤ በአንቲኩ ሥራ መሄድና መመለስ አይፈቀድለትም፤ ለመዝናናት ሲወጣም ከቤቱ ከ250 ማይል በላይ መራቅ የለበትም። ለጋሼ ይህ ሁሉ ችግር አይደለም፣ መኪና አላቸውና። ብቻ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከምርመራ ነጻ ነው ማለት ፍሬኑን የሚያይ ሌላ ሰው የለም ማለት ነው።

በሕጉ ስሌት ከሄድን በ1990ዎቹ የተሠራ ማንኛውም ተራ ሞተር አንቲክ ነው። ወዳጆቹ ግን ክላሲክ ሲሉ በአብዛኛው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ የተሠሩትን ነው። እነዚህ ሞተሮች ኮምፒውተር የላቸውም። ካርቡረተሩ፣ ሽቦው፣ ሰንሰለቱ ሁሉም በዓይን ይታያል። የሰፈራችን መካኒክ የአንዱን ፎቶ ሳሳየው ስልኩን ከእጄ ነጥቆ እያሰፋ ተመለከተና የእያንዳንዱን ብሎን ሥራ ነገረኝ። የዘንድሮውን ሞተር ፎቶ ሳሳየው ፕላስቲክ ብቻ ነው ያየው።

መንገዱ ይቀድማል

ስለ ክላሲክ ሞተር የሚጽፉ ሰዎች «የትኛው ይበልጣል?» በሚለው ጥያቄ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። እኔ ጋሼን መጀመሪያ የጠየቅኳቸው «የት ነው የሚነዱት?» ብዬ ነው። መልሳቸው ዝግጁ ነበር፦ ስካይላይን ድራይቭ።

ይህ መንገድ በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የተራራውን አናት ይዞ 105 ማይል፣ ማለትም ወደ 170 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነው። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል ነው፣ በእኛ 56 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። አጋዘን በድንገት ይሻገራል፣ ድብም አይጠፋም። እንግዲህ አስቡት፤ ሰውየው ሕልማቸው የሚፈጸመው በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ነው! በዚያ መንገድ ላይ የ1960ዎቹም ሆነ የዘንድሮው ሞተር እኩል ናቸው፤ እንዲያውም አሮጌው ይሻላል፣ ምክንያቱም በ56 ኪሎ ሜትር ጊዜም አንድ ነገር እየሠራችሁ እንደሆነ ይሰማችኋል።

ችግሩ እዚያ እስኪደረስ ነው። ከአሌክሳንድርያ እስከ ሰሜኑ መግቢያ፣ ፍሮንት ሮያል፣ ወደ 70 ማይል የሚጠጋ ነው። አብዛኛው ደግሞ መኪናው ሁሉ በ65 እና በ70 ማይል የሚበርበት ሰፊ አውራ ጎዳና ነው። ስለዚህ የጋሼ ሞተር ሁለት ጸባይ ይፈለግበታል፦ ከከባድ መኪና ጋር ተሰልፎ አንድ ሰዓት በላይ የሚችል፣ ተራራው ላይ ሲደርስ ደግሞ ቀላልና ታዛዥ የሚሆን። ይህ አንድ ጥያቄ ብቻውን ከማስታወቂያዎቹ ሁለቱን ጣለልኝ። ሆንዳ ሲቢ 350፣ ከ1968 እስከ 1973 የተሠራው፣ ለጀማሪ ከሚመከሩት ሁሉ ፊተኛው ነው፤ ርካሽ ነው፣ በአዝራር ይነሳል፣ መለዋወጫውም ይገኛል። ለከተማና ለገጠር መንገድ ከሱ የተሻለ አላገኘሁም። በአውራ ጎዳና ላይ ግን 325 ሲሲ ሞተሩ ሙሉ ቀን ሲጮህ ይውላል። ሁለተኛው ሮያል ኢንፊልድ ቡሌት ነው። ከ1955 ጀምሮ በህንድ ማድራስ መገጣጠም ጀመረ፤ የእንግሊዙ እናት ፋብሪካ ከጠፋ በኋላም ህንዶቹ አላቋረጡትም፤ በዚህ ምክንያት መለዋወጫው እንደ ልብ ነው። ግን እሱም የዝግታ ሞተር ነው።

የጋሼ ፍቅር

ቦነቪል 1959 ላይ ሲወጣ 650 ሲሲ ነበር። ስሙን ያገኘው የፍጥነት ክብረ ወሰን ከሚሞከርበት፣ አሜሪካ ዩታ ግዛት ካለው የጨው ሜዳ ነው። እንግሊዝ ሜሪደን ውስጥ ይሠራ የነበረው ፋብሪካ 1983 ላይ ተዘግቷል። ቆንጆ መሆኑን መካድ አይቻልም። ያለ ነዳጅ 170 ኪሎ ግራም አካባቢ ብቻ ስለሚመዝን ጠመዝማዛ መንገድ ላይ እንደ ብስክሌት ይታዘዛል ይባላል።

ዘይት ያፈስሳል የሚለውም እውነት ነው፤ ምክንያቱን ማወቅ ግን ይጠቅማል። ክራንኬዝ የሚባለው የሞተሩ የታችኛው ሳጥን ከግራና ከቀኝ በተጋጠሙ ሁለት ግማሾች የተሠራ ነው። መጋጠሚያው ከላይ እስከ ታች ቁልቁል ስለሚወርድ ታች የሚጠራቀመው ዘይት መጋጠሚያው ላይ ተኝቶ ያድራል። በዚህ ላይ ሁለቱ ፒስተኖች አብረው ወጥተው አብረው ስለሚወርዱ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ንቅጥቅጡ ብሎን ያላላል። በብዙዎቹ የጃፓን ሞተሮች ላይ ግን ሳጥኑ የተከፈለው አግድም ነው፤ ዘይቱ በአብዛኛው ከመጋጠሚያው በታች ይቀራል። ጃፓኖቹ አስማት አልሠሩም፣ መጋጠሚያውን አዞሩት እንጂ።

ዘይቱ ግን ትንሹ ጣጣ ነው፤ ወለሉ ላይ ካርቶን ማንጠፍ ይቻላል። እኔን ያሳሰበኝ እግር ነው። የድሮ እንግሊዝ ሞተሮች ማርሻቸው በቀኝ እግር፣ የኋላ ፍሬናቸው በግራ እግር ነው። አሜሪካ ማርሽ በግራ እንዲሆን በደንብ ያስገደደችው ከ1974 ጀምሮ ነው። ጋሼ በጎጃም መንገድ የለመዱት ማርሽ በግራ፣ ፍሬን በቀኝ ነው። ሰው ተረጋግቶ ሲነዳ የሚያደርገውን ያውቃል፤ አጋዘን ፊቱ ድቅን ሲል ግን እግሩ የሚሄደው ወደ ለመደበት ነው። ቀኝ እግራቸው ፍሬን ብሎ ማርሽ ቢረግጥስ? ይህን ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ።

ሌላው የቀኝ ጉልበታቸው ጉዳይ ነው። ብዙ ዓመት የቤንዚን ፔዳል የረገጠ ጉልበት ነው፤ ደረጃ ሲወጡ ያማቸዋል። ቦነቪል ደግሞ እስከ 1980 ድረስ የሚነሳው በእግር ተረግጦ ነው። በጎ ቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ቢረግጡት ይነሳል። በክፉ ቀን ግን ላብ እስኪያጠምቅ ነው።

መፍትሔው ቦነቪልን መተው ላይሆን ይችላል። 1973 ላይ ቲ 140 የተባለው፣ ወደ 750 ሲሲ ያደገው ቦነቪል በፊት ጎማው ላይ ዲስክ ፍሬን ይዞ ወጣ። ከ1976ቱ ሞዴል ጀምሮ ማርሹ በግራ ነው፣ የኋላው ፍሬንም ዲስክ ነው። ሰብሳቢዎች የ1960ዎቹን ስለሚያሳድዱ ቲ 140 ዋጋው ረከስ ይላል። ለሚነዳው ሰው ግን የተሻለው እሱ ነው ባይ ነኝ።

ጃፓኖቹና ጀርመኑ

በ1969 ለገበያ የቀረበው ሆንዳ ሲቢ 750 የእንግሊዞቹን ገበያ የገደለ ሞተር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አራት ሲሊንደር፣ በአዝራር መነሳት፣ የፊት ዲስክ ፍሬን፣ ይህ ሁሉ በአንድ ተራ ሰው ሊገዛው በሚችል ሞተር ላይ። የመጀመሪያዎቹ ወደ 7,400 የሚጠጉት የሞተር አካላቸው በአሸዋ ሻጋታ የተቀለጠ ነበርና ዛሬ የሚፈለጉት እነሱ ናቸው፤ ለጋሼ ኪስ ግን አይቀመሱም። በኋላ ዓመታት የተሠሩት ይገኛሉ። ችግራቸው ክብደት ነው፤ ከ220 ኪሎ በላይ ናቸው። አራት ካርቡረተር አላቸው፤ አራቱም እኩል እንዲተነፍሱ ተመዝነው መስተካከል አለባቸው።

ቢኤምደብሊው አር 75/5፣ ከ1969 እስከ 1973 በርሊን ውስጥ የተሠራው፣ ሲሊንደሮቹ በግራና በቀኝ እንደ ክንፍ ወጥተዋል። ቫልቩን ለማስተካከል ሽፋኑን መፍታት ብቻ ነው። ሰንሰለት የለውም፣ ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው በዘንግ ነው። ረጅም መንገድ ከተነሳ ከሁሉም እሱን እመርጥ ነበር። ዋጋው ግን ጋሼ ካስቀመጡት በላይ ሆኖ ነው ያገኘነው።

የቀረው ያማሃ ኤክስኤስ 650 ነው። 653 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር፤ ከሩቅ ለሚያየው የቦነቪል እህት ይመስላል። ከ1972 ጀምሮ በአዝራር ይነሳል፣ የፊት ዲስክ ፍሬንም አለው። ማርሹ በግራ ነው። ክራንኬዙ አግድም ነው የተከፈለው። እስከ 1980ዎቹ ስለተሠራ መለዋወጫው አልጠፋም። መንቀጥቀጡ አይቀርም፤ ጸባዩ እንግሊዛዊ፣ አጥንቱ ጃፓናዊ ነው እላለሁ እኔ። ጋሼ ስሙን ስነግራቸው «ያማሃ? ያማሃማ አውቃለሁ!» ብለው ሳቁ።

የቢራ ቆርቆሮው ጥያቄ

የአሜሪካዊው ሮበርት ፒርሲግ በ1974 የታተመ፣ ስለ ሞተር ሳይክል አጠባበቅና ስለ ፍልስፍና የሚያወራ ዝነኛ መጽሐፍ አለ። ደራሲው 1968 ላይ ልጁን አፈናጥጦ ከሚኒሶታ እስከ ካሊፎርኒያ በሆንዳ ሱፐር ሆክ ያደረገው ጉዞ ነው መነሻው። አብሮት የሄደ ጓደኛው የሚነዳው ቢኤምደብሊው ነበር። የጓደኛየው መሪ ይላላበታል፤ ደራሲው የቢራ ቆርቆሮ ቆርጠን ብንወትፍበት ይጠብቃል ሲለው ጓደኛው ይከፋል፤ ውድ ሞተሬ ላይ የቢራ ቆርቆሮ? ብሎ። (እኛ አገር ቢሆን ቆርቆሮው ሁለቴ አይታሰብበትም ነበር።) ያቺ ሆንዳ በ2024 ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ለእይታ ቀርባለች፤ ከጋሼ ቤት ሩቅ አይደለም፣ ሄደው እንዲያዩዋት ነግሬያቸዋለሁ።

መጽሐፉን ያነሳሁት ገዢው ራሱን እንዲጠይቅ ነው። እጁን ማቆሸሽ ይወዳል ወይስ መንዳት ብቻ ነው የሚፈልገው? በአሮጌ ሞተር ላይ ፑንቲናው በየጊዜው መጽዳትና ክፍተቱ መለካት አለበት፤ ካንዴላው ይታያል፣ ሰንሰለቱ ይጠብቃል፣ ቫልቩ ይስተካከላል። የአሜሪካ ቤንዚን በአብዛኛው እስከ 10 ከመቶ ኢታኖል ስለሚቀላቀልበት ክረምቱን ሙሉ የቆመ ሞተር ካርቡረተሩ ውስጥ ሙጫ ይጋገራል፣ የድሮው ላስቲክም ይበላል። ይህን ቅዳሜ ጠዋት እየዘፈነ የሚሠራ ሰው አለ። እንደ ቅጣት የሚያየውም አለ፤ ለሱ ከ2001 ወዲህ በድሮው መልክ የተሠሩት አዳዲሶቹ ቦነቪሎች ይሻሉታል፣ ማንም አያፍርበትም። ጋሼ ከመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ ታክሲያቸውን ራሳቸው ነበር የሚፈቱት።

ማስታወቂያ ማንበብ

እዚህ ላይ ትምህርታችን ይጠቅማል። የሽያጭ ማስታወቂያ አንድ ምንጭ ብቻ ያለው ዜና ነው፤ ምንጩም ባለጉዳዩ ነው። «ሲቆም ይሠራ ነበር» የሚል በብዛት አጋጥሞኛል። መቼ ነው የቆመው? ለምን ቆመ? ሁሉም ሞተር ሲቆም ይሠራ ነበር፣ እስኪቆም ድረስ። «ካርቡረተር ማጽዳት ብቻ ይፈልጋል» የሚል ሻጭ፣ ያን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን ሳያጸዳው በርካሽ ይሸጣል? «ቁጥሩ ይመሳሰላል» የሚልም አለ። ትራያምፍ ላይ የፍሬሙና የሞተሩ ቁጥር ከፋብሪካ አንድ ሆኖ ስለሚወጣ አባባሉ ትርጉም አለው። ሲቢ 750 ላይ ግን ሁለቱ ቁጥሮች ከፋብሪካም አንድ አይደሉም፤ ስለዚህ ሆንዳ እየሸጠ እንዲህ የሚል ሰው ወይ አያውቅም ወይ እንደማናውቅ ቆጥሮናል። ፍሬሙ ተቆርጦ፣ መቀመጫው ተለውጦ «ካፌ ሬሰር» የተባለውን ደግሞ ሳያዩ ማለፍ ነው፤ የተቆረጠ ብረትና የተጠላለፈ ሽቦ የሌላ ሰው ያላለቀ ሕልም ነው።

ሻጩ ቤት ሲደርሱ ጋሼ የሚያደርጉት የመጀመሪያ ነገር እጃቸውን ሞተሩ ላይ ማሳረፍ ነው። ከሞቀ፣ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል፤ ቀዝቃዛ ሆኖ እንዴት እንደሚነሳ እንዲያዩ አልፈለገም ማለት ነው። ቀጥሎ የቤንዚን ቋቱን ከፍቶ በባትሪ ማየት፣ ዝገት ካለ ካርቡረተሩም ውስጥ አለ። ጎማው ጥርሱ ሙሉ መሆኑ ብቻውን ምንም አይናገርም። ጎኑ ላይ ከተጻፉት ፊደሎች መጨረሻ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ፤ 2311 ቢል የ2011 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ነው። አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ደረቅ ላስቲክ ነው፣ ምንም ያማረ ቢሆን ይጣላል። የባለቤትነት ሰነዱ፣ አበሾቹም «ታይትል» የሚሉት፣ ላይ ያለው ቁጥር ፍሬሙ ላይ ከተቀረጸው ጋር በቁጥር ሳይሆን በአኃዝ በአኃዝ መነጻጸር አለበት።

እትዬ ያነሱት ጉዳይ

እትዬ ስለ ዘይትና ስለ ካርቡረተር አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ይቆማል ወይ?» ከሁላችንም የተሻለው ጥያቄ ይህ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን የሚይዘው የፊት ፍሬን ነው። በድሮዎቹ ላይ ይህ ታምቡር ፍሬን ነው፤ ሸራዎቹ ከውስጥ ተከፍተው ታምቡሩን ይነክሳሉ። ረጅም ቁልቁለት ላይ ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፣ ሸራዎቹ ይርቁታል፤ እጀታው ይጨመቃል፣ ሞተሩ ግን ይሄዳል። ዲስክ ከውጭ አየር እያገኘ ስለሚሠራ ቶሎ ይበርዳል፤ ለተራራ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። የ1970ዎቹ ዲስክ ግን በዝናብ ጊዜ ለመያዝ ትንሽ ይዘገያል። ከዚህ የከፋው ዲስክ አለው ብሎ መተማመን ነው፤ አርባና ሃምሳ ዓመት የቆየ የፍሬን ቱቦ ከውስጥ ያብጣል፣ የፍሬኑ ፒስተንም ዝጎ ይነክሳል። ያልታደሰ ዲስክ ካለው ሞተር በደንብ የተያዘ ታምቡር ያለው ይበልጣል። ስለዚህ ከ6 ሺው ዶላር ውስጥ አንድ ሺው ከመግዛታቸው በፊት ለፍሬንና ለጎማ ተለይቶ እንዲቀመጥ ተስማምተናል። ሞተሩ ከ5 ሺህ በላይ ከሆነ አይገዛም።

ለሞተር የተለየ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በቨርጂንያ የራስ ቁር ማድረግ ለነጂውም ለተፈናጣጩም ግዴታ ነው። እትዬ የጨመሩት ቅድመ ሁኔታ ጋሼ የጀማሪ ነጂዎችን ኮርስ ከግዢው በፊት እንዲወስዱ ነው። ጋሼ «እኔ? ጎጃምን በሞተር ያዳረስኩት?» ብለው ትንሽ ተቆጥተው ነበር። ሆኖም ተመዝግበዋል።

ይህ ጽሑፍ ለኅትመት ሲገባ ሁለት ሞተሮች ቀርተዋል፦ አንድ የ1978 ቦነቪል ቲ 140ና አንድ የ1979 ኤክስኤስ 650። ቦነቪሉ ማርሹ በግራ ቢሆንም የሚነሳው በእግር ነው፤ ጋሼ ሄደው ሦስት ጊዜ ረግጠው አስነስተውታል፣ ማታ ላይ ግን ጉልበታቸው ላይ በረዶ አድርገው ነበር አሉ እትዬ። ያማሃው ቀዝቃዛ ሆኖ በአዝራር ተነስቷል፤ ጎማዎቹ የ2009 ናቸው፣ ሻጩም የዚህን ዋጋ ለመቀነስ ተስማምቷል። ታይትሉን ግን «ቤት ውስጥ የሆነ ቦታ ነው» ብሏል። እስኪያሳያቸው ድረስ አንድም ዶላር ቀብድ እንዳይሰጡ ነግሬያቸዋለሁ።